ውኃ በተኛበት ማሳ፦ በአስቸጋሪ ጊዜ አዳጊ አስተሳሰብን ስለ መያዝ



የሰውን ኑሮ የሚያጥር ነገር ከየትኛውም ዘመን ጠፍቶ አያውቅም። አንዱን ትውልድ ድርቅ፣ ሌላውን ጎርፍ፣ ሌላውን በሽታ፣ ሌላውን ጦርነትና የመንገድ መዘጋት ያጥረዋል። እንዲህ ያለው ጊዜ ሲመጣ በልባችን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ብንሆን ነው ይህ የደረሰብን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «አሁን ባለንበት ሁኔታ ገና ያልተማርነው ምን አለ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ስለማይገኝለት ሰውን ባለበት ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ግን ትንሽም ቢሆን የሚሠራው ሥራ ይሰጠዋል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ እንዴት እንደሚቻል፣ ምን እንደሚያስፈልገውና ወሰኑ እስከ የት እንደ ሆነ እንመለከታለን። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነንን ከሩቅ አንፈልግም፤ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ከተዘረጋው ከፎገራ ሜዳና ከከተማው ከወረታ እናገኘዋለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ተብለው ካልተለዩ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

1. ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ

በሀገራችን አንድ ሰው ያሰበው ሳይሳካለት ሲቀር «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይባላል። ትምህርት የከበደውን ልጅ «አልተፈጠረበትም» እንለዋለን፤ ጠባዩ ያስቸገረንን ሰው «ተፈጥሮን ተመክሮ አይመልሰውም» ብለን እንተወዋለን። እነዚህ አባባሎች ያለ ምክንያት አልተነገሩም። ከዐቅም በላይ የሆነ መከራ የደረሰበትን ሰው ያጽናናሉ፤ የተሸነፈውንም ከወቀሳ ያሳርፋሉ። ጉዳታቸው የሚመጣው ገና ያልተሞከረውን ነገር አስቀድመው ሲዘጉ ነው። ስለ ሰው ችሎታ «ያለው ያው ነው፤ አይጨምርም» ብሎ የሚያስበውን አእምሮ በዚህ ጽሑፍ የታጠረ አስተሳሰብ እንለዋለን። ችሎታ በትምህርት፣ በልምምድና በሰው እርዳታ ሊጨምር ይችላል ብሎ የሚያስበውን ደግሞ አዳጊ አስተሳሰብ እንለዋለን።

ይህን ልዩነት በጥናት ካብራሩት መካከል በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ምሁር ፕሮፌሰር ካሮል ድዌክ በይበልጥ ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከክላውዲያ ሙለር ጋር ባሳተሙት ጥናት የ5ኛ ክፍል ሕፃናት መጠነኛ ጥያቄዎች ተሰጥተዋቸው ከሠሩ በኋላ፣ ከፊሎቹ ስለ ብልህነታቸው ከፊሎቹም ስለ ትጋታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄዎች ቀረቡላቸው፤ ሁሉም ተቸገሩ። በመጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የሚመጣጠኑ ጥያቄዎች ሲሰጧቸው ስለ ብልህነታቸው የተመሰገኑት ከመጀመሪያው ያነሰ፣ ስለ ትጋታቸው የተመሰገኑት ከመጀመሪያው የበለጠ ውጤት አገኙ። ከዚህም በላይ ያገኙትን ውጤት ለማያውቁት ልጅ እንዲገልጹ ሲጠየቁ፣ ስለ ብልህነታቸው ከተመሰገኑት መካከል ከሦስት አንድ የሚበልጡት ከእውነቱ ጨምረው ተናገሩ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ብልህ የተባለ ልጅ ሲሳሳት ስሙ የሚፈርስበት ይመስለዋል፤ ታታሪ የተባለ ልጅ ሲሳሳት ግን የሚቀጥለው ሥራ ይታየዋል።

አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሀገራችን ትውፊት የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ኮብልሎ እንደ ነበር ይነገራል። በመንገድ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅና በመጨረሻ ሲሳካላት አየ፤ ከዚህም ተምሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንተርክ ስለ ትሏ እንናገራለን። የምንዘነጋው ግን ሌላ ነገር አለ፤ ያሬድ ሲመለስ መምህሩ ተቀበሉት። ደጁ ተዘግቶ ቢጠብቀው ኖሮ የትሏ ትምህርት ብቻውን ወዴት ያደርሰው ነበር? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እንመለሳለን።

2. የፎገራ ሜዳና ውኃው

የፎገራ ሜዳ ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያቋርጡት ዝቅተኛ አገር ነው። አፈሩ በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃውን ይዞ አያሰርግም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዞቹ ሲሞሉና ሐይቁ ከፍ ሲል በሜዳው ሰፊ ክፍል ላይ ውኃ ይተኛል። አብዛኛው የእህል ዘር እንዲህ ባለው ማሳ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ገበሬው ፈሰስ እያወጣ ከውኃው ጋር ይታገል ነበር። ፈሰስ የማያሸንፈውን መሬት ለግጦሽ ይተወዋል፤ ወይም ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ሌላው ሀገር እህሉን የሚያበቅልበት ክረምት ለዚህ መሬት የመጠበቂያ ወቅት ነበር።

በዚያው ረግረግ ውስጥ ግን ማንም ያልዘራው የዱር ሩዝ ይበቅል ነበር። ለአካባቢው ሰው ከሌላው ሣር የተለየ አልነበረም። ይሁን እንጂ የዱር ሩዝ በፎገራና በጋምቤላ ረግረጋማ ቦታዎች መታየቱ፣ ሩዝ ለሀገራችን ይስማማ እንደ ሆነ ባለሙያዎች እንዲያስቡ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እየረዱ ሩዝ በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳም በሻጋ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ተዘራ። በአካባቢው ለረጅም ዘመን በሰፊው ሲዘራ የኖረው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙ እስከ ዛሬ ያን ጅምር ያስታውሳል።

በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥ የአምራቾቹ ማኅበራት በየስፍራው ፈረሱ፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ተለወጠ። ሩዙ በማኅበር የተጀመረ ስለ ነበር ከማኅበሩ ጋር ሊቀር ይችል ነበር። ዳሩ ግን ጥቂት ገበሬዎች በየግል ማሳቸው ዘሩት፤ የግብርና ባለሙያዎችም አበረታቷቸው። ጎረቤት ከጎረቤት እያየ ሥራው ከጥቂት ማሳዎች ወደ ሰፊው ሜዳ ተዛመተ።

ሩዝ ለዚህ ሜዳ የተስማማበት ምክንያት በሥሩ ይገኛል። በሩዝ ቅጠል፣ ግንድና ሥር ውስጥ አየር የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ባዶ መተላለፊያዎች አሉ። ሥሩ ውኃ ውስጥ ሆኖም ከላይ በሚወርድለት አየር ይተነፍሳል። ስለዚህ ሌላውን እህል የሚገድለው ውኃ ሩዙን አይገድለውም፤ እንዲያውም ብዙውን አረም ስለሚያፍንለት ይጠቅመዋል። በሌላ በኩል የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከቆላ የመጣ የሩዝ ዘር ሁሉ አይስማማውም። ኤክስ-ጅግና ብርዱን በመቻሉ ነው የሰነበተው። ሩዝ ሁሉ ለፎገራ አልሆነም፤ ተሞክሮ የተገኘው ነው የሆነው።

ዛሬ ሩዝ በአካባቢው ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ገለባው ለከብት ይሆናል፤ ምርቱ ገበያ ወጥቶ የልጆች ደብተርና ልብስ ይገዛል። እንደ ጤፍ ታጭዶና ተወቅቶ የሚያበቃ ባለመሆኑም ቅርፊቱን የሚያላቅቁ የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖች በወረታና በዙሪያዋ ተተከሉ፤ ለከተማውም ሰው ሥራ ተገኘ። አንዳንዶች ሩዙን «ነጭ ወርቅ» ይሉታል። በ2002 ዓ.ም. ሀገር አቀፍ የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ ተቋቋመ። ቀድሞ ገበሬው ውኃው እስኪሸሽ ይጠብቅበት የነበረው መሬት የሀገሪቱ የሩዝ ትምህርት ቤት ሆነ።

3. ከዚህ ታሪክ የምንማራቸው ሦስት ነገሮች

ሀ. ችግሩን በትክክል መሰየም። «መሬታችን ውኃ ይበዛዋል» ማለት እውነት ነው፤ ነገር ግን በር ይዘጋል። «ውኃ የሚወድ ዘር ገና አላገኘንም» ማለትም እውነት ነው፤ ይህኛው ግን የሚፈለግ ነገር ይጠቁማል። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ውኃውን አይክዱም። ልዩነታቸው አንደኛው ስለ መሬቱ ፍርድ ሲሰጥ ሁለተኛው ስለ ጐደለው ነገር መናገሩ ነው። በቤታችንም እንዲሁ ነው። «ይህ ልጅ ለትምህርት አይሆንም» ከማለት «ይህ ልጅ ክፍልፋይ ገና አልገባውም» ማለት የበለጠ ትክክል ነው፤ ነገ ምን መደረግ እንዳለበትም ይናገራል።

ለ. የሚያስተምር ሰውና የሚቀበል ጎረቤት ማግኘት። የፎገራ ገበሬ ሩዝን ብቻውን ተቀምጦ በማሰብ አላገኘውም። ዘር ከሩቅ መጣለት፤ ባለሙያ አሳየው፤ ጎረቤቱ ቀድሞ ሞከረለት፤ የመፈልፈያ ማሽን ባለቤት ምርቱን ለገበያ አደረሰለት። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል የገበሬው ቅን ፈቃድ ብቻውን ባልበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ከ12,000 በላይ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት አእምሮ ሊያድግ እንደሚችል የሚያስረዳ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት ምን ውጤት እንዳለው መረመረ። ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች በመጠኑ ተሻሻሉ። ለውጡ ይበልጥ የታየው ግን ከባድ ነገር መሞከር በጓደኞቻቸው ዘንድ በሚደገፍባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ለልጆች የምናስተምረው የዘሪው ምሳሌም በዚህ አንጻር ሊታይ ይችላል፤ ዘሩ አንድ ሆኖ ሳለ የወደቀበት መሬት ይለያያል። መምህር ጌዴዎን ያሬድን መልሰው መቀበላቸው መሬት መሆን ማለት ነው። ስለዚህ «አስተሳሰብህን ለውጥ» ብሎ የሚመክር ሰው አብሮ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ይህ ሰው የተለወጠውን አስተሳሰብ የሚዘራበት ማሳ አለውን?

ሐ. በትንሹ መሞከር። ገበሬ የዓመት ቀለቡን በሙከራ አያስይዝም። አዲስ ዘር ሲመጣ በማሳው ጥግ፣ ቢጠፋም ቤተሰቡን በማያስርብ ቦታ ላይ ይዘራዋል፤ የጎረቤቱንም እያየ ይጠብቃል። ይህን ከሩቅ የሚያይ ሰው «ገበሬ ለውጥ አይወድም» ሊል ይችላል። እንዲያ ማለት ግን ስለ ገበሬው የታጠረ አስተሳሰብ መያዝ ነው። ጥንቃቄው የድህነት ጥበብ ነው፤ የሚሳሳትበት ትርፍ የለውምና። በአስቸጋሪ ጊዜ አዲስ ነገር ስንጀምር እኛም እንዲሁ ብናደርግ መልካም ነው። ውድቀቱ የማይሰብረን ሙከራ ደጋግመን ልንሠራው የምንችለው ሙከራ ነው።

4. ይህ ትምህርት የማይለው

ስለ አዳጊ አስተሳሰብ የሚሰጥ ትምህርት አንድ ትልቅ አደጋ አለበት። ይኸውም መከራን መልካም አስመስሎ መናገርና የተጎዳውን ሰው «አስተሳሰብህ ነው የጎዳህ» ብሎ መውቀስ ነው። ይህን ከሥሩ መለየት ያስፈልጋል።

የጓያን ነገር እንውሰድ። ጓያ ሌላው እህል ሲከዳ የማይከዳ፣ ለድኻ የሚደርስ ዘር ነው። ነገር ግን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያን ብቻ ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሰንፍና ለዘለቄታው ሽባ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በደንቢያና በፎገራ በሐኪሞች የተጠና ነው፤ በይበልጥም ጐልማሶችን ያጠቃል። አንድ ጊዜ ከደረሰ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ሽባ የሆነውን ሰው ስለ አስተሳሰቡ መምከር ምን ይረባዋል? ለእርሱ የሚያስፈልገው ምርኩዝ፣ ረዳትና ክብር ነው። ገና ላልታመመው ግን ዕውቀቱ ሕይወት ነው። ጓያን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ በረኃብ ወራት ብቻውን ለረጅም ጊዜ አለመመገብ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ጎርፍም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራን ሜዳና አጎራባቾቹን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ሩዝ ውኃ ይወዳል ማለት ሩዝ ጎርፍን ሁሉ ይችላል ማለት አይደለም፤ ልክ ያለፈ ውኃ ሩዙንም ቤቱንም ይወስዳል። እንዲህ ላለው መከራ የተራራውን አፈር መጠበቅ፣ የወንዝ ዳር መከላከያና ፈጥኖ የሚደርስ እርዳታ ያስፈልጋል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭትም ሕይወት አጥፍቷል፤ መንገድ ዘግቷል፤ እጅግ ብዙ ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ይህን «ለበጎ ነው» ብለን ለማስተማር አንደፍርም። የሞተበት ሰው ያልቅስ፤ የፈራ ሰው ፍርሃቱ ይሰማለት። ማልቀስ ከአዳጊ አስተሳሰብ ጋር አይጣላም። ልናስተምር የምንችለው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፤ መከራው የወሰደብን ብዙ ቢሆንም ሁሉን አልወሰደብንምና፣ በቀረን ነገር ምን መማር እንደምንችል በጊዜው እንጠይቃለን። «በጊዜው» የሚለውን ቃል አስተማሪው አጥብቆ ይያዝ። ውኃ ማሳ ላይ ሲመጣ ሰው አስቀድሞ ልጁንና ከብቱን ያወጣል፤ ስለ ዘር የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው።

5. ያልተፈጸመ ትምህርት

የፎገራን ታሪክ ሩዝ ላይ አቁመን «ችግሩ ተፈታ» ብንል ያልሆነውን መናገር ይሆናል። ሜዳው በወተቱና በእርሻ ጉልበቱ፣ ረግረጉንም በመልመዱ የታወቀው የፎገራ ከብት አገር ነው። ሩዝ እየሰፋ ሲሄድ የግጦሹ መሬት ጠበበ፤ ንጹሑ ዝርያም እየተመናመነ መጣ። ዝርያውን ለመጠበቅ በባሕር ዳር አጠገብ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት ደክሟል። የሩዝ አረምም የብዙ እጅ ሥራ ይጠይቃል፤ በአረም ወራት ልጆች ከትምህርት እንዳይቀሩ ወላጅ መጠንቀቅ አለበት። ለዓመታት ያለ ለውጥ የተዘራ ዘርም እየተቀላቀለና እየደከመ ይሄዳል፤ ለዚህም ነው ተመራማሪዎች እንደ ሻጋ ያሉ ሌሎች ዝርያዎችን ያወጡት። በሐይቁ ዳርቻ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ተስፋፍቶ አዲስ ችግር ሆኗል።

ከዚህ የምንረዳው ትናንት አጥሩን የከፈተልን መፍትሔ ነገ ራሱ አጥር ሊሆን እንደሚችል ነው። «ሩዝ ያዋጣናል፤ ሌላ አንሻም» የሚል ሰው ቀድሞ «ይህ መሬት ምንም አያበቅልም» ይል ከነበረው ብዙ አይለይም፤ ሁለቱም መጠየቅን አቁመዋል። ስለዚህ በሜዳው ያሉ ብዙ ገበሬዎች ሩዙ ሳይታጨድ ወይም እንደ ታጨደ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራሉ፤ ውኃ በሚገኝበትም በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። የአባቶቻቸውን ዕውቀት አልጣሉም፤ ከአዲሱ ጋር አጣመሩት።

6. በቤትና በትምህርት ክፍል

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት የሀገራችን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘግተው ነበር። ከላይ በጠቀስነው ግጭት ምክንያትም በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል። ክፍሉ የተዘጋበት ልጅ ከጊዜ በኋላ ሲመለስ ከዕድሜው በታች በሆነ ክፍል ይቀመጣል፤ ያፍራልም። «ጊዜዬ አልፏል» የሚለው አሳብ እዚህ ላይ ይወለዳል። ወላጅና አስተማሪ የሚከተሉትን ሊያደርጉ ይችላሉ።

አንደኛ፣ «ገና» የምትለውን ቃል መጠቀም። ፕሮፌሰር ድዌክ በቺካጎ ስለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሲናገሩ፣ ያላለፈ ተማሪ «ወደቀ» በሚለው ፈንታ «ገና» የሚል ውጤት ይሰጠው እንደ ነበር ይጠቅሳሉ። በአማርኛችን ቃሉ ዐጭርና ለአፍ ቀላል ነው። «አላውቅም» የሚልን ልጅ «ገና አላወቅኸውም» እንበለው፤ ከዚያም አብረነው እንቀመጥ። አብሮ መቀመጥ የሌለበት «ገና» ባዶ ማባበያ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ምስጋናን በሥራው ላይ ማድረግ። «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «ሦስት ጊዜ ደምስሰህ እንደ ገና ጻፍኸው፤ አሁን ፊደሉ ቀጥ አለ» ማለት ልጁ ምን እንደ ሠራ ያሳውቀዋል። ነገር ግን በተሳሳተ መንገድ የሚደክመውን ልጅ «በርታ» እያሉ መተው አይገባም። ትጋት ከትክክለኛ ዘዴ ጋር ካልተጣመረ፣ ውኃ በተኛበት ማሳ በየዓመቱ ያንኑ የማይሆን ዘር እንደ መዝራት ነው። መንገዱን አሳዩት፤ አስፈላጊም ሲሆን ሌላ አስተማሪ ፈልጉለት።

ሦስተኛ፣ ያለውን ማሳ መጠቀም። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ታላቅ ለታናሽ ፊደል ሊያስቈጥር፣ ልጅ ማንበብ ለማይችሉ አያቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነብ፣ የቤቱን ገበያ በደብተር ሊመዘግብና ሊደምር ይችላል። እነዚህ የትምህርት ቤትን ቦታ አይተኩም። ልጁ ግን ሲመለስ ንባቡና ስሌቱ አብረውት ይኖራሉ።

አራተኛ፣ ዐዋቂዎች በልጆች ፊት መማር። ስድሳ ዓመት የሞላቸው እናት ፊደል ሲቈጥሩ ያየ ልጅ፣ ስለ አዳጊ አስተሳሰብ ብዙ ስብከት አያስፈልገውም።

7. ለአስተማሪዎች፦ የውይይት አመራር

ይህን ትምህርት በሁለት ስብሰባ መስጠት ይሻላል። በመጀመሪያው ስብሰባ ከ1ኛው እስከ 3ኛው፣ በሁለተኛው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክፍል ይነበብ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል በቅርቡ ኀዘን የደረሰበት ካለ አስተማሪው አስቀድሞ ይወቅ፤ እንዲናገርም አያስገድደው። ሽማግሌዎችን ስለ ቀድሞው ኑሮ መጠየቅ ውይይቱን ያዳብረዋል፤ በየአካባቢው ቀድሞ «አይሆንም» ተብሎ በኋላ የሆነ ነገር አይጠፋምና።

የውይይት ጥያቄዎች፦

ሀ. በአካባቢያችን ስለ ሰው ወይም ስለ መሬት «አይሆንም» ለማለት የምንጠቀምባቸው አባባሎች የትኞቹ ናቸው? መቼ ያጽናናሉ? መቼስ ይዘጋሉ?

ለ. አሁን ካለብን ችግር አንዱን ምረጡና በሁለት መንገድ ሰይሙት፤ አንድ ጊዜ በር በሚዘጋ፣ አንድ ጊዜ የሚፈለገውን በሚጠቁም አነጋገር። ሁለቱም እውነት መሆናቸውን አረጋግጡ።

ሐ. በቁምስናችን ለመማር እየፈለገ ማሳ ያጣ፣ ማለትም መጽሐፍ፣ መብራት፣ ጊዜ ወይም አስተማሪ የጐደለው ማን አለ? ስሙን በስብሰባ ሳንጠራ፣ ማን ሊደርስለት እንደሚችል እንነጋገር።

መ. ትናንት የጠቀመን፣ ዛሬ ግን አጥር እየሆነብን ያለ አሠራር አለን?

ሠ. እያንዳንዳችን ቢወድቅ የማይሰብረን አንድ ትንሽ ሙከራ እስከሚቀጥለው ስብሰባ እንምረጥ። ስንገናኝ የተሳካለትም ያልተሳካለትም የተማረውን ይናገር፤ ያልተሳካለት አስቀድሞ ይናገር፤ የሚሰማውም ሰው ሳይፈርድ ይስማ።